የምንገባበት ቤት አየሩ እንዴት ነው?

ስለ ቤት የሚጽፉልን አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ውል፣ ስለ ኪራይና ስለ ርቀት ነው። ሰሞኑን ግን ጭስ፣ ውሃ፣ አፈርና ድምፅ ያሳሰባቸው ሰዎች ደብዳቤ ተደራርቦ መጣ። ደስ የሚል ነገር ነው። ቤት ስንመርጥ ክፍሉን እንቆጥራለን፣ ግድግዳውን እናያለን፣ ቧንቧውን ከፍተን እንዘጋለን፤ ስንገባበት ለዓመታት የምንተነፍሰውን አየር ግን ዞር ብለን አንጠይቅም። ለአምስቱ እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ቤት ልንቀይር ነው። የ6 ዓመት ልጃችን አስም አለበት። ሁለት ቤት አይተናል። አንደኛው ለሁለታችንም ሥራ ቅርብ ነው፣ በእግር ይደረሳል፤ ግን በረንዳው ትልቅ መንገድ ላይ ነው፣ ቀን ሙሉ ከባድ መኪና ያልፋል። ሁለተኛው ከከተማ ወጣ ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ዛፍ ያለበት ነው። ችግሩ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት መንገድ ላይ መሆናችን ነው። ባለቤቴ “ከተማው በሙሉ ጭስ ነው፣ የትም ብንገባ ያው ነው” ይላል። የእኔ ልብ ግን አላረፈም። ምን ይሻለናል? — ግራ የገባት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ የሚለው ውስጥ እውነት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ኩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ድርጅቱ እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 99 ከመቶ የሚሆነው የሚተነፍሰው አየር ከመመሪያው ልክ ያለፈ ነው። ስለዚህ ፍጹም ንጹሕ ሰፈር ልፈልግ የሚል ሰው ሲፈልግ ይኖራል።

“የትም ያው ነው” በሚለው ግን አልስማማም። ደቃቁ ብናኝ ሩቅ ይጓዛል፣ ከተማውን በሙሉ ያዳርሳል፤ ይህ ልክ ነው። ከመኪና ጭስ ማውጫ ትኩስ የሚወጣው ጥቀርሻ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና እጅግ ረቂቅ ብናኝ ግን ከመንገዱ በራቅሽ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚህ ጉዳይ የተሠሩ ጥናቶችን የመረመረው ኸልዝ ኢፌክትስ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም፣ የትልቅ መንገድ ጭስ በዋናነት የሚጎዳው ከመንገዱ እስከ 300 ወይም 500 ሜትር ድረስ ያለውን ክልል ነው ብሏል። በዚያው ክልል ውስጥ ደግሞ መንገዱ ዳር ያለው ቤት ከሁሉ የባሰ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2005 ከፈጣን መንገድ በ500 ጫማ፣ ማለትም በ150 ሜትር ገደማ ውስጥ አዲስ መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ባይሠራ ብሎ መክሯል። ስለዚህ ርቀቱን በሜትር አስቡት። የአንድ ከተማ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ መንገዱ ላይ፣ አንዱ ሁለት ሦስት ቅያስ ገባ ብሎ፣ አየራቸው አንድ አይደለም።

የሚያሳዝን ምሳሌ ላንሳ። ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል ለንደን ውስጥ የምትኖር ልጅ ነበረች። ከባድ አስም ነበረባት። ቤታቸው ሳውዝ ሰርኩላር ከሚባለው ትራፊክ ከማይለየው መንገድ በ30 ሜትር ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በ9 ዓመቷ ሞተች። እናቷ ዝም አላሉም፤ ለዓመታት ተሟገቱ። በታኅሣሥ 2020 የሞት መንስኤ መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን በይፋ መዘገበ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር በሞት መዝገብ ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር። ይህን የጻፍኩት ላስፈራራሽ አይደለም። አስም ያለበት ልጅና ትልቅ መንገድ አብረው ሲመጡ ነገሩን አቅልሎ ማየት እንደማይገባ እንዲታወቅ ነው።

የጉዞውንም ነገር ግን አትናቂው። መኪና ውስጥ ሆነሽ በተጨናነቀ መንገድ ስትሄጂ የምትተነፍሺው ከፊትሽ ያለው መኪና የሚተፋውን ነው። መስኮት ዘግቶ የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውን ቁልፍ መጫን ብናኙን ይቀንሰዋል፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ግን አየሩ እንዳይታመቅ አለፍ አለፍ እያሉ መክፈት ያስፈልጋል። ለማንኛውም በቀን 3 ሰዓት ብዙ ነው። በደብዳቤሽ ያልጠቀስሽው ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ የልጁ ትምህርት ቤት የት ነው? እሱም ከእናንተ ጋር የሚመላለስ ከሆነ የሩቁ ቤት ጥቅም ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ለሩቁ ቤት ቅርብ ከሆነ ግን ልጁ ቀኑንም ሌሊቱንም የተሻለ አየር ያገኛል፣ ጉዞው የሚከብደው በእናንተ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ቁጭ በሉና የእያንዳንዳችሁን ሰዓት ቁጠሩ። ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት? ከሁሉ በፊት ደግሞ የልጁ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ አስሙ የሚነሳበት ልጅ ይዤ መጀመሪያው ቤት አልገባም። ወደ ሁለተኛውም ከመሮጤ በፊት ሦስተኛ ቤት እፈልጋለሁ፤ ለሥራችሁ ቅርብ የሆነ ግን ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ በመንገዱና በእሱ መካከል ሌሎች ሕንጻዎች የቆሙ። ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ አይፈልግም እንጂ። ስታዩት ደግሞ ደላላው በቀጠራችሁ ሰዓት ብቻ አትሂዱ። ጠዋት መኪና ሲጨናነቅ ሂዱ፣ ማታ ሁሉም ሲገባ ሂዱ። የመስኮቱን ደፍ በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ቡናማ ሆኖ የሚበንን ከሆነ አብዛኛው የአፈር አቧራ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ቅባት ቅባት ካለና ጣት ላይ ከተለጠፈ የጭስ ጥቀርሻ ነው። ዳገት ላይ ያለ ወይም መኪና ቆሞ የሚነሳበት መብራት አጠገብ ያለ ቤት ከሜዳው ይብሳል፤ ሞተሩ የሚያጓራው እዚያ ነው፣ ፍሬንና ጎማ የሚፋቀውም እዚያ ነው። የልጁ መኝታ ቤት በየት በኩል እንደሚሆን ሳታዩ ውል አትፈርሙ። ሐኪሙንም አማክሩት፤ የልጁን አስም ምን እንደሚያስነሳው ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ፋብሪካ አለ። ደላላው “አያስቸግርም” አለኝ። እኔም እሁድ ሄጄ አየሁት፣ ምንም ሽታ የለም። የራሱ ጉድጓድ አለው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ግቢው ላይ አትክልት ላለማበት አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን “ዋጋው የቀነሰው በምክንያት ነው” እያሉ ያስጨንቁኛል። — ለመግዛት የቸኮለ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህን ስማቸው። አትግዛ ማለቴ አይደለም፤ ገና አላየኸውም ማለቴ ነው።

እሁድ ፋብሪካው ይሠራል ወይ? መጀመሪያ ይሄን አጣራ። በሥራ ቀን ሂድ፣ በተለይ ሌሊት ወይም ማለዳ ሂድ። ነፋሱ በብዛት ከየት ወደ የት እንደሚነፍስም ጠይቅ፤ ይሄንን ደላላው አይነግርህም፣ እዚያ ሰፈር ልብስ የሚያሰጡ ሰዎች ግን ይነግሩሃል። ከፋብሪካው ነፋስ የሚነፍስበት አቅጣጫ ላይ ያለ ቤትና በተቃራኒው ያለ ቤት እኩል ርቀት ላይ ሆነው ዕጣቸው ለየቅል ነው።

የመሬቱንም አቀማመጥ እይ። ቦታው በኮረብታ የተከበበ ረባዳ ከሆነ ተጠንቀቅ። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ታች ይተኛል፤ ሞቅ ያለው እላዩ ላይ እንደ ክዳን ይደፋበታል። ጭሱ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ የሆነው ይህ ነው። ነፋስ ጠፋ፣ የድንጋይ ከሰል ጭስ ለ5 ቀን ከተማዋ ላይ ተኛ። ያኔ በመንግሥት የተነገረው የሞቱ ሰዎች ቁጥር 4,000 ገደማ ነበር፤ በኋላ የተሠሩ ግምቶች እስከ 12,000 ያደርሱታል። ጭሱ በየክረምቱ የነበረ ጭስ ነው። የዚያን ሰሞን ልዩ ያደረገው የአየሩ መታፈን ነበር። አንድ ቀን ሄደህ “ንጹሕ ነው” ብለህ የማትመለሰው ለዚህ ነው።

ሽታ የለም ማለትም ብክለት የለም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። ደቃቅ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ አይሸትም። የሚሸተውንም ቢሆን አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል፤ የሰፈሩ ሰው “ምንም የለም” ቢልህ እየዋሸህ ላይሆን ይችላል፣ ለምዶት ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ደብዳቤህ ላይ ከሁሉ ያስደነገጠኝ “ጥርት ያለ ነው” የሚለው ቃል ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ሰዎችን ከኩሬና ከወንዝ ውሃ በሽታ ለማዳን ተብሎ እጅግ ብዙ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ ጣዕሙም ደህና። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲመረመር ብዙዎቹ ውስጥ ከከርሰ ምድሩ የመጣ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተገኘ። ሚሊዮኖች ለዓመታት ሲጠጡት ኖረዋል። አርሴኒክ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም። ናይትሬት ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ሰርጎ ይገባል፣ በተለይ ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው። “አፍልቼ እጠጣዋለሁ” ብለህ እንዳትጽናና። ማፍላት ተዋሲያንን ይገድላል፤ እነዚህን ግን አያጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ስለዚህ ውሃውን ላቦራቶሪ አስመርምር። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

አፈሩም እንዲሁ ነው። ይህ ቦታ ቤት ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? ጋራዥ ነበር? የባትሪ መቅለጫ? የቆዳ ፋብሪካ? የቆሻሻ መጣያ? ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ላቭ ካናል የሚባል ሰፈር አለ። 21,000 ቶን ገደማ የኬሚካል ቆሻሻ የተቀበረበት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 መሬቱ በ1 ዶላር ለትምህርት ቤት አስተዳደሩ ተላለፈ። ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያውን ቤት ተሠራ፣ ሰው ገባ። በ1978 ኬሚካሉ ምድር ቤት ውስጥ እየሰረገ መገኘቱ ይፋ ሆኖ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ቤተሰቦች ከቤታቸው ወጡ። ሊድም (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሌላ ጣጣ ነው። ሊድ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ብዙ መኪና ያለፈበት መንገድ ዳር ያለ አፈር ውስጥ ሊዱ እስካሁን አለ። ሊድ አይበሰብስም፣ አይተንም። ለልጅ አእምሮ ጉዳት የሌለው መጠኑ ይሄ ነው የሚባል ነገርም የለም። አትክልት የምትተክለው እዚያ ላይ ከሆነ፣ ልጆችም እዚያ አፈር ላይ የሚጫወቱ ከሆነ፣ የአፈር ምርመራ ቅንጦት አይደለም።

ሰፈሩ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ አንድ ሁለት ሽማግሌ ፈልገህ አጫውታቸው። የቦታውን ታሪክ ከማንም በተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሻጩ ውሃውንና አፈሩን ላስመርምር ስትለው ፊቱ ከተለዋወጠ መልስህን አግኝተሃል።

ጥያቄ፦ ምድር ላይ ያለ ቤትና 5ኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት አግኝቻለሁ፣ አንድ ሕንጻ ላይ። ለአየር ከፍ ማለት ይሻላል የሚሉት እውነት ነው? — ተከራይ

መልስ፦ በአመዛኙ አዎ፣ የመንገድ ጭስን በተመለከተ። ግራና ቀኙ ረጃጅም ሕንጻ የሆነበት ጠባብ መንገድ ላይ ከሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ጭሱ ታች ይታመቃልና። ከተማውን ያለበሰውን ደቃቅ ብናኝ ግን 5ኛ ፎቅም አያመልጠውም። ለምድር ቤት ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያሻው ራዶን ለሚባለው ጋዝ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ከአለትና ከአፈር ወጥቶ በወለል ስንጥቅ ይገባል፣ አይሸትም፣ ለሳንባ ካንሰርም ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በኩቢክ ሜትር ከ100 ቤኬሬል (የጨረር መለኪያ ነው) ባይበልጥ ይላል። በቀላል መሣሪያ ይለካል፤ ከፍ ብሎ ከተገኘም ስንጥቁን በመድፈንና ከወለሉ ሥር አየር በማስወጣት ይቀነሳል። ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር እይ፦ ጄኔሬተሩ የት ነው የተቀመጠው? ጭስ ማውጫው ወደማን መስኮት ዞሯል? የ5ኛው ፎቅ መስኮት ከሆነ ምድር ቤቱ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ። ደም ግፊት አለብኝ። ልጄ አጠገቧ ቤት ልትከራይልኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ግን አውሮፕላን ሌሊትም ቀንም በላዩ ያልፋል። “እማዬ፣ ትለምጂዋለሽ” ትለኛለች። ድምፅ ብቻ ስለሆነ ማማረር መሰለኝና ዝም አልኩ። — እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ማማረር አይደለም፤ ለልጅዎ ይንገሯት። ድምፅ ብክለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል፣ የመኪና ደግሞ ከ45 ዴሲቤል ባይበልጥ ብሏል። ጆሮ ይለምዳል፣ ልብ ግን እንደዚያ አይለምድም። ሰው ሳይነቃ እንኳ ድምፁ ሲያልፍ የልብ ምት ይጨምራል፣ ደም ግፊት ከፍ ይላል። ለእርስዎ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ልጅ አጠገብ መኖርም ጤና ነው። ስለዚህ እምቢ ከማለትዎ በፊት አንድ ሌሊት ልጅዎ ዘንድ አድረው ይሞክሩት። ከዚያ እዚያው ሰፈር ከበረራው መስመር ትንሽ ወጣ ያለ ቤት ትፈልግልዎት፤ ከመስመሩ ሥር ወጣ ማለት ብቻ ድምፁን በብዙ ይቀንሰዋል። ካልተገኘ ድርብ መስታወት ያለው መስኮትና በየክፍተቱ በደንብ የገጠመ በር ይረዳል። መስኮት ዘግቶ ማደር ግን ሙቀት ያመጣል፣ እሱን አስቀድመው ያስቡበት። የመድኃኒትዎን ሐኪም ሲያገኙም እንቅልፍዎ እንዴት እንደሆነ ሳይነግሩት አይውጡ።

ጥያቄ፦ የእናንተ ምክር ሁሉ መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። እኔ መምረጥ አልችልም። መንገድ ዳር ነው ያለሁት፣ ከዚህ የተሻለ ለመክፈል አቅም የለኝም። ልጅ አለኝ። ለእኔ ምን አላችሁ? — መሄጃ ያጣሁ

መልስ፦ እውነትሽን ነው፤ ደግሞም ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ጭስ የሚበዛበት ቦታ ኪራይ የሚረክሰው፣ ረክሶም አቅም የሌለው ሰው እዚያ የሚገባው በብዙ አገር ያለ በደል ነው። ይሄ በግል ጥንቃቄ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ግን እስከዚያው የምትችይው ነገር አለና ከሱ እንጀምር።

ከቤት ውስጥ ጭስ ጀምሪ፣ ምክንያቱም በእጅሽ ያለው እሱ ነው። በከሰል፣ በእንጨት ወይም በጋዝ የምታበስዪ ከሆነ ምድጃው አጠገብ ያለው አየር ከመንገዱ የባሰ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው እንደቀጠፈ ይገምታል። ከተቻለ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ካልተቻለ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ፤ ስታበስዪ ልጁ እዚያ ክፍል አይሁን። ከሰል ግን ያለቀ ቢመስልም፣ እሳቱ ባይታይም፣ በምንም ዓይነት የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አይደር። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል።

አልጋውን ከመንገዱ በተቃራኒ ወዳለው ግድግዳ ወይም ክፍል አዙሪው። በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት መኪና በሚበዛበት ሰዓት ዝጊ፣ ጋብ ሲል ክፈቺ። ጨርሶ ዘግቶ መኖር ግን አይሆንም፣ እርጥበትና ሻጋታ ያመጣልና። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊው፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪው፣ አለዚያ የተቀመጠውን ብናኝ መልሰሽ ታስነሺዋለሽ። ሲገባ ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ሄፓ ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ ካገኘሽ መኝታ ክፍል ውስጥ አድርጊው፤ ብናኙን በደንብ ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይዝም። ልጁን ትምህርት ቤት ስታደርሺ በዋናው መንገድ ሳይሆን በውስጥ በውስጡ ሂጂ፤ ትንሽ ቢረዝምም።

ከዚያ ደግሞ ጎረቤቶችሽን አነጋግሪ። አንድ ሰው ሲያመለክት ይረሳል፣ ሃያ ሰው ሲፈርም ፋይል ይከፈትለታል። ጥያቄውን ቁርጥ ያለ አድርጉት። “አየሩ ተበክሏል” ብላችሁ አትጻፉ። ከባድ መኪኖች ሌሊት በዚህ መንገድ አይለፉ፣ ይህ ጋራዥ ጎማ ማቃጠሉን ያቁም፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና ሞተር አስነስቶ አይቁም በሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያያችሁትን እየመዘገባችሁ፣ ፎቶ እያነሳችሁ አያይዙ። የልጅሽ ሳል የሚበረታበትን ቀንም እዚያው ደብተር ላይ ጻፊው፤ ለሐኪሙም ለአስተዳደሩም ይጠቅማል።

የኪራይ ውልሽ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ጻፊልን። እዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዋጋ፣ አንድ ቅያስ ገባ ያለ ክፍል መፈለጊያው ጊዜ ያኔ ነው።